ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ስለ ጡት ካንሰር ስንወያይ አንዲት እናት «ካንሰር ነው ከተባለ ወዲያ ደግሞ ምን ምርጫ አለ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ዛሬ እዚህ ሰመራ የመጣሁት መልሱን ይዤ ነው።

ምርጫ አለ። እብጠቱ ከጡትና ቢበዛ ከብብት ንፍፊት ሳያልፍ ከተደረሰበት ሕክምናው የሚሰጠው ለማስታገስ ሳይሆን ለማዳን ነው። ግን መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስለማያም ይታለፋል። መተኮስን የሚያስቀድሙም አሉ። መተኮስ ቆዳውን ያቆስላል እንጂ ካንሰሩን አያጠፋም፤ በዚህ የባከነው ጊዜም አይመለስም።

ቀዶ ሕክምናው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማንሳት ነው። ሌላው እብጠቱን ብቻ ከዙሪያው ጤናማ ሥጋ ጋር አውጥቶ የቀረውን ጡት በጨረር ማከም ነው። ጣሊያን ሚላን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ እብጠታቸው ከ2 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ 701 ሴቶች ግማሾቹ በአንዱ፣ ግማሾቹ በሌላው መንገድ ታከሙ። ከ20 ዓመት ክትትል በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ ሲታተም በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እኩል ነበር።

እኛ ጋ ግን መንገዱም ይቆጠራል። ጨረር ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለሦስት ወይም ለአምስት ሳምንት የሚሰጥ ነው። ጨረሩ የሚሰጥበት የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሰመራ 590 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ለአዋሽ ሰው ቀረብ ቢልም በየቀኑ ተመላልሶ የሚቻል አይደለም። ማረፊያ ያስፈልጋል፣ ወረፋም አለ። ጨረሩ ይገኝ እንደሆነ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታልም መጠየቅ ይገባል። ጡቷን ያተረፈች ሴት ጨረሩን ሳታገኝ ከቀረች ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ የመመለስ ዕድሉ በብዙ ይጨምራል። ስለዚህ ለቀዶ ሕክምናው ከመፈረማችሁ በፊት «ጨረሩን የት ነው የማገኘው? መቼ ይጀመርልኛል?» በሉ። ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለ ጡትን ማስነሳት እንደ ሽንፈት አይታይ፤ በእኔ እምነት አስተዋይ ውሳኔ ነው። ባሎችም እዚህ ላይ ከሚስቶቻችሁ ጎን ቁሙ። ካንሰሩ ንፍፊት ውስጥ ከገባ ግን ጡቱ ተነሥቶም ጨረር ሊታዘዝ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወይም በኋላ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል፤ ፀጉር ይረግፋል፣ ሲያልቅ መልሶ ይበቅላል። ከእብጠቱ የተወሰደውን ናሙና የውጤት ወረቀት አትጣሉ። ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆኑ የሚታወቀው ናሙናው ሲመረመር ነው፤ ከሆነ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን በቀን አንዴ፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት ይወሰዳል። ብዙዎች ደህና ሆንኩ ብለው የሚያቋርጡት ይህንን ነው። ሙቀት ሙቀት ማለትን ያመጣል፤ በሰመራ ሐሩር ላይ ሲጨመር እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሐኪም ሳታማክሩ አታቁሙ። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ መዋጥ ይቻላል። ክኒኑን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ከመኪና ውስጥ አርቃችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡ። እሱን እየወሰዱ ማርገዝ አይገባም።

አሁን ጡቷ ወይም ብብቷ ላይ እብጠት ያላት እህት እዚህ መካከል ካለች፣ ባያምም፣ ነገ ጠዋት ዱብቲ ሆስፒታል ሂጂ። ብቻዬን እፈራለሁ ካልሽ ከስብሰባው በኋላ ወደ እኔ ነይ፤ አብረን እንሄዳለን።