በእሸት ወራት በእግር መንገድ ላይ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

(በመረዳጃ ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፏል።)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ወርሃዊ መዋጮ አይደለም። እሱን ሌላ ቀን እናነሣዋለን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እግር መንገድ ነው።

ሁላችንም እንደምናውቀው ደምበጫ አስፋልቱ መሀሏን አቋርጦ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ባሕር ዳር ቢያልፍም፣ አብዛኛው ሰው ወደ ከተማዋ የሚገባው በእግሩ ነው። ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ይመጣል። እናቶች እህል ይዘው ወደ ወፍጮ ይመጣሉ። ኪዳን የሚያደርሰው ገና ሳይነጋ ይነሣል። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆቻችን ደግሞ ዓርብ ከትምህርት ሲለቀቁ ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቻቸው ይሄዳሉ። እሑድ ማታ ተሸክመው ይመለሳሉ።

ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው። በመስከረም ደግሞ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘጋዋል። እሸቱ ሲደርስ አውሬው ይመጣል። ዝንጀሮ ቀን ያጠፋል፣ ጃርትና የዱር አሳማ ሌሊት። ስለዚህ ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ ያድራል። ዱሮ ወንጭፍና ጅራፍ ነበር የሚይዘው፤ ዛሬ ግን ብዙው ጠመንጃ ይዟል። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መንገደኛው ጠባቂውን አያየውም፣ ጠባቂውም መንገደኛውን አያየውም። የሚሰማው የቅጠል መንኮሻኮሽ ብቻ ነው።

ከማኅበራችን አባላት አንዱ የነገሩንን እንንገራችሁ። ስማቸውን አንጠራም። ማማ ላይ ሆነው ሲጠብቁ፣ ዓይን ሊይዝ ሲል፣ በበቆሎው ዳር አንድ ጥቁር ነገር ጎንበስ ብሎ ሲሄድ አዩ። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት የዱር አሳማ ሁለት መደብ አጥፍቶባቸው ስለነበር ተናደው ነበር። ጠመንጃውን አነጣጠሩ። ጣታቸው ምላጩ ላይ እንዳለ ያ ጥቁር ነገር ሳለ። «ማነህ?» አሉ። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ!» አለ። ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ስንቁን በጀርባው የተሸከመ ተማሪ ነው! የጎረቤታቸው ልጅ። እሳቸውም ጠመንጃውን አስቀምጠው ከማማው ለመውረድ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው።

ልጁን ያዳነው ጉንፋን ነው ማለት ነው። ታዲያ ዘንድሮ ልጆቻችን ሁሉ ጉንፋን ይያዛቸው እንበል?

በውጭ አገር ይህን ችግር በሕግና በልብስ ያቃልሉታል። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች አዳኝ ከሩቅ የሚታይ ብርቱካንማ ሰደርያ እንዲለብስ ሕጉ ያስገድዳል። ለሽርሽር በጫካ የሚሄደውም ሰው በአደን ወራት እንደዚሁ እንዲለብስ ይመከራል። እኛ ሰደርያ መግዛት አያስፈልገንም። ነጭ ጋቢና ነጠላ አለን። ከነጭ የበለጠ በምሽት የሚታይ ልብስ የለንም። ችግሩ ጋቢውን አጣጥፈን ከውስጥ፣ ጥቁሩን ኮት ከላይ ማድረጋችን ነው።

ስለሆነም መንገደኛ የሆነ ሁሉ የሚከተለውን ቢያደርግ፦

1ኛ/ ሳይነጋና ከመሸ በኋላ በበቆሎ መካከል ባለው አቋራጭ አለመሄድ። ቢረዝምም ሰው የሚበዛበትን ሰፊውን መንገድ መያዝ።

2ኛ/ ለብቻ አለመሄድ፤ እየተነጋገሩ መሄድ። ብቻውን የሆነም ያንጎራጉር፣ ይሳል። አውሬ አይዘፍንም።

3ኛ/ ነጩን ከላይ መልበስ፣ ባትሪ ማብራት።

4ኛ/ እሸት ለመቁረጥ፣ ሽንት ለመሽናትም ቢሆን ወደ ማሳው ውስጥ አለመግባት። የሽቦ ወጥመድ ሊኖር ይችላል።

5ኛ/ ተኩስ ሲሰማ ምን እንደሆነ ለማየት ወደዚያ አለመሮጥ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተፈጠረው ሁኔታ የሌሊት ተኩስ ሁሉ የሰብል ጥበቃ ነው ማለት አይቻልም። በወደቁበት ተኝቶ መቆየት ይሻላል።

ለጠባቂዎች ደግሞ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ያላዩትን አይተኩሱ። ቅጠል ተንኮሻኮሸ ተብሎ አይተኮስም። መጀመሪያ «ማነህ?» ይባላል፣ ደግሞ ይጠየቃል። አውሬ ከሆነ በድምፁ ብቻ ይሸሻል፤ ሰው ከሆነ ይመልሳል። የክላሽ ጥይት ዒላማውን ከሳተ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ከማሳችሁ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ የማን ቤት እንዳለ አስቡት። ቆርቆሮ መምታት፣ እሳት ማንደድ፣ ውሻ ማሰር፣ ተራ ገብቶ በጋራ መጠበቅ ጥይትም ያተርፋል።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ እንዳይታደን ደንግጓል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ከልክሏል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እሥራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ይጠብቀዋል። «አሳማ መስሎኝ ነው» ማለት ነፃ አያወጣም።

እሥራቱስ ያልቃል። የማያልቀው ደሙ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሣ ተከፍሎ፣ እርቅ ወርዶ እንኳ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ምንጭ ውኃ ለመቅዳት ስንት ዓመት እንደሚፈጅባቸው አይተናል። የሚሞተውም የእኛ፣ የሚገድለውም የእኛ ነው። የእድሩ ድንኳን ለሁለቱም ቤት ይተከላል። አንድ መደብ በቆሎ ለዚህ አይበቃም።

በመጨረሻም ወላጆችን የምንለምነው ነገር አለ። እሑድ ልጆቻችሁን ስንቅ ስታስይዙ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማ እንዲገቡ በጊዜ አስነሷቸው። «ትንሽ ቆይ፣ ዳቦው ይብሰል» አትበሉ። ዳቦው በሳምንቱ ይደርሳል።

በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ