አንድ ሥዕል፣ ሁለት ቋንቋ
የተረት መጽሐፋችን ሥዕሎች ለኅትመት ሲዘጋጁ (ሮቤ ላይ በተደረገው የአባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ተረት መጽሐፋችን ሥዕሎች እንዳስረዳ ጠይቆኛል። ሥዕሎቹ በታብሌት ተሠርተው አልቀዋል፤ ብዙዎቻችሁም በስልካችሁ አይታችሁ ወዳችኋቸዋል። ስልክ ላይ ያማረ ሥዕል ሁሉ ግን ወረቀት ላይ አያምርም። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሥራ የቁጠባችንን ገንዘብና የለጋሾቻችንን እርዳታ የሚነካ ስለሆነ፣ ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ቀለም ልናገር። ስልክ ቀለምን የሚያሳየን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እያቀላቀለ ነው። ማተሚያ ማሽን የሚጠቀመው ደግሞ አራት ቀለም ነው፤ ሳያን የሚባለው ውሃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። የብርሃንን ድምቀት ሁሉ ወረቀት ላይ ማግኘት አይቻልም። የሰነቴው ቀይ ቀበሮ ብዙ አይጎዳም፤ ቀለሙ ከማጀንታና ከቢጫ በደንብ ይወጣል። የሚደበዝዘው የጠራው ሰማይና ለምለሙ የገብስ ማሳ ነው። ስለዚህ ሠዓሊዋ ዋናውን ፋይል ሳትነካ ቅጂውን ወደ አራቱ ቀለም ትቀይረውና የደበዘዘውን ራሷ ታስተካክል። ካልሆነ ማሽኑ በራሱ መንገድ ይቀይረዋል፤ ውጤቱን የምናየው ደግሞ መጽሐፉ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው።

የቱሉ ዲምቱ የሌሊት ሥዕልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አራቱ ቀለሞች ሙሉ በሙሉ ቢደራረቡ 400 በመቶ ይሆናሉ። ወረቀት ይህን ያህል ቀለም አይሸከምም፤ ቶሎ ሳይደርቅ ቀርቶ ሌላውን ገጽ ያቆሽሻል። ለአንጸባራቂ ወረቀት ጣሪያው ብዙ ጊዜ 300 በመቶ አካባቢ ነው። ትክክለኛውን ልክ ማተሚያ ቤቱን አስቀድመን እንጠይቅ።

ሁለተኛው መጠን ነው። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያስፈልጋል። ገጻችን ኤ4 ማለትም 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ወረቀቱ ሲቆረጥ በጠርዙ ነጭ መስመር እንዳይቀር፣ ሥዕሉ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ተርፎ መውጣት አለበት። ይህ ሲደመር ወደ 2,551 በ3,579 ፒክስል ይመጣል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ሥዕል በተለምዶ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1,280 ፒክስል ይወርዳል፤ ይህ በጥራት የሚታተመው እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሥዕል የምትልኩ ልጆች በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩ፤ ከተቻለም በፍላሽ አምጡ። የቀበሮዋን ጆሮና የልጆቹን ፊት ደግሞ ከገጹ ጠርዝና ከጥራዙ ገባ አድርጉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው ስብሰባ ገንዘባችን ለአንድ ቋንቋ ብቻ ይበቃል ተብሎ፣ አማርኛ ይሁን ኦሮምኛ በሚለው ላይ ተከራክረናል። ተረቶቹን የነገሩን እናቶች አብዛኞቹ በኦሮምኛ ነው የነገሩን፤ የልጅ ልጆቻቸው በራሳቸው ቋንቋ ሳያነቧቸው ቢቀሩ ያሳዝናል። በአገራችን በሁለት ቋንቋ ማሳተም አዲስ ነገር አይደለም፤ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባለ ቀለም የልጆች ተረት መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። እኛም ሥዕሎቹን በትክክል ካዘጋጀን ወጪውን መቀነስ እንችላለን።

መንገዱ እንዲህ ነው። በኦፍሴት ኅትመት ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፕሌት ይሠራል። ስለዚህ ለአንድ የወረቀት ፊት አራት ፕሌት ይፈለጋል፤ ሁለቱን ቋንቋ ለየብቻ ብናሳትም ስምንት ይሆናል። ጽሑፉ በሙሉ በጥቁር ቀለም ብቻ ከሆነ ግን የሳያን፣ የማጀንታና የቢጫ ፕሌቶች ለሁለቱም ያገለግላሉ፤ የሚቀየረው ጥቁሩ ብቻ ነው። ስምንቱ ፕሌት አምስት ይሆናል ማለት ነው። ማሽኑም ሁለቱን እትሞች በተከታታይ ስለሚያትም የዝግጅቱ ድካምና የሚባክነው ወረቀት ይቀንሳል።

ይህ እንዲሳካ ግን ሥዕሎቹ አራት ነገር ማሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ጽሑፍ ሥዕሉ ውስጥ አይሣል፤ የሱቅ ታፔላም ቢሆን ባዶውን ይተው። ሁለተኛ፣ ፊደሎቹ መቶ በመቶ ጥቁር ይሁኑ። ከአራቱ ቀለም የተሠራ ጥቁር ፕሌቶቹ ትንሽ ሲዛነፉ የግዕዝ ፊደልን ቀጫጭን ቅርጾች ያደበዝዛል። ሦስተኛ፣ ጥቁሩ ፊደል በሥዕሉ ላይ በቀጥታ ይታተም እንጂ ሥሩ ያለው ቀለም አይፈልፈል። ነጭ ወይም ባለ ቀለም ፊደልም አንጠቀም፤ ያ ሁሉንም ፕሌት ያስቀይራል። አራተኛ፣ በየገጹ ለጽሑፍ ፈካ ያለ ሰፊ ቦታ ይተው። ኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ ከአማርኛው ብዙ ጊዜ ረዘም ስለሚል፣ ቦታው የሚለካው በኦሮምኛው ነው።

በመጨረሻ ስለ ሙከራ ኅትመት። ማተሚያ ቤቱ ፕሌት ከመሥራቱ በፊት የቀለም ናሙና በወረቀት ያሳየን፤ ይህም በውሉ ይጻፍ። ናሙናውን አንድ ሰው ብቻ አይቶ እንዳይፈርም እለምናለሁ። ሠዓሊዋ ቀለሙን፣ ሁለት አንባቢዎች አማርኛውንና ኦሮምኛውን፣ ገንዘብ ያዧ ደግሞ የገጹንና የቅጂውን ብዛት ይዩ። ተረቱን የነገሩን እናቶችም ማንበብ ባይችሉ ሥዕሉን ይዩ፤ የጎጆው አሠራርና የአለባበሱ ነገር ከእነሱ የተሰወረ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ናሙና ላይ የተገኘ ስህተት በአንድ ቀን ይታረማል፣ ከፊርማ በኋላ የተገኘው ግን በየቅጂው ይባዛል፣ ወጪውም የእኛው ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ውሳኔ እጠይቃለሁ። ኮሚቴው ለሁለቱ ቋንቋ በጋራ ፕሌት ዋጋ ያስጠይቅ። ናሙናውን የሚያዩ አባላትም እዚሁ ይመረጡ።