የሴቶች ቦክስ ውድድር ምን ያስተምረናል?



ፊደል ቆጥረን ማንበብ ከቻልን ወዲህ ጋዜጣ እጃችን ይገባል። ሬዲዮ እንሰማለን። ለገበያ ሶዶ ከተማ ስንወጣም ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን እናያለን። ታዲያ አንድ ቀን ሁለት ሴቶች ጓንት አጥልቀው በቡጢ ሲጋጠሙ ብናይ ምን እንላለን? ከመካከላችን «ጉድ ፈላ! ሴት ልጅ እንዲህ ትሆናለች?» የሚል አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ እንደዚሁ ብለን ነበር። ውድድሩን በጥሞና ስንከታተለው ግን ሌላ ነገር አየንበት።

የዓለም ሴቶች አማተር ቦክስ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ነው። አማተር ማለት በየግጥሚያው ዋጋ ተዋውሎ ሳይሆን አገሩን ወክሎ የሚወዳደር ስፖርተኛ ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ሚዛን አለ። ገበያ ላይ ቡናና ዝንጅብል እንደሚመዘን፣ ተጋጣሚዎቹም ይመዘናሉ። 48 ኪሎ የምትመዝነው ከ60 ኪሎዋ ጋር አትጋጠምም። ቀጥሎ ሕግ አለ። ከወገብ በታች መምታት ክልክል ነው። የወደቀችን መምታት ክልክል ነው። አንዷ ከተጎዳች ዳኛው መካከል ገብቶ ይቆጥራል፤ መቀጠል ካልቻለች ግጥሚያውን ያቆማል። ሌሎች አምስት ዳኞች ደግሞ ከመድረኩ ውጪ ተቀምጠው ነጥብ ይሰጣሉ።

በዚህ ውድድር ስሟ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ማሪ ኮም ናት። አገሯ ህንድ፣ ክፍለ ሀገሯ ማኒፑር ነው። ወላጆቿ የሰው መሬት እያረሱ የሚኖሩ ድሀ ገበሬዎች ነበሩ። እሷም እርሻ ላይ እያገዘቻቸው አደገች። ቦክስ ስትጀምር ለአባቷ አልነገረችም። አባትየው የሰሙት ልጃቸው የክፍለ ሀገሩ ሻምፒዮን ሆና ፎቶግራፏ በጋዜጣ ሲወጣ ነው። ተቆጡ። «ፊትሽ ቢበላሽ ማን ያገባሻል?» የሚል ሥጋት ነበራቸው። ይህ የአባት ሥጋት ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ልጅቱ ግን አገባች፤ ወለደችም። መንታ ልጆች ከወለደች በኋላ ተመልሳ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2004 ዓ.ም. የሴቶች ቦክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሎምፒክ ሲገባ፣ ለንደን ላይ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ዕድሜዋ ከ35 ዓመት አልፎ፣ የሦስት ልጆች እናት ሆና፣ ኒው ዴልሂ ላይ ለ6ኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

የሴት ጉልበት ለእኛስ አዲስ ነገር ነው እንዴ? በወላይታ እንሰት የሚፍቀው ማነው? ውኃና እንጨት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው ማነው? አርሲ በቆጂ ከብት ስትጠብቅ ያደገችው ደራርቱ ቱሉም በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ሩጫ ወርቅ አምጥታልናለች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት እነዚህ ሴቶች በሥራቸው ሽረውታል።

አሁን አንድ ነገር እናስተውል። የመድረኩ ቡጢ ሚዛን አለው፤ ሕግ አለው፤ ዳኛ አለው። ሁለቱም ወደውና ተዘጋጅተው ገብተዋል። ደወል ሲደወል ያበቃል፤ ተጨባብጠው ይለያያሉ። በአንዳንድ ቤት ሚስት ላይ የሚያርፈው ቡጢስ? ሚዛን የለው፤ ዳኛ የለው፤ ደወል የለው። ልጆች እያዩ ያለቅሳሉ፤ ጎረቤት እየሰማ ዝም ይላል። የመድረኩን «ነውር ነው» ብለን የቤቱን «ልማድ ነው» ካልን፣ ነውሩ የቱ ጋ ነው? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ድብደባ ያስቀጣል። ስለዚህ ለቤቱም ቡጢ ዳኛ አለው። ዳኛው የሚሰማው ግን እኛ ስንናገር ነው።

ሴት ልጆቻችን ሁሉ ቡጢኛ ይሁኑ አንልም። ልጅቱ መማር ወይም መሮጥ ስትፈልግ ግን «ማን ያገባሻል?» ብለን መንገዷን አንዝጋ። አባት የልጁን ችሎታ ከጋዜጣ ከሚያነብ፣ ቤቱ ቁጭ አድርጎ ቢጠይቃት ይሻላል።

እስቲ እንወያይ፤
1. ተጋጣሚዎቹ ለምን ይመዘናሉ?
2. የማሪ ኮም አባት ለምን ተቆጡ? እናንተ ብትሆኑስ?
3. በመድረክና በቤት ውስጥ ቡጢ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?