ስለ ዊንተርቤሪ ተክሎቻችን አያያዝ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር የመጋቢት ወር ስብሰባ ላይ በአትክልት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)

የዛሬው ንግግራችን ከመኪና ማቆሚያው በስተጀርባ፣ የዝናብ ውሃ በሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለተከልናቸው ስድስት የዊንተርቤሪ ቁጥቋጦዎች ነው። እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባ «ሁለቱ ፍሬ ሰጥተዋል፣ አራቱ ግን መካን ናቸውና ይነቀሉ፣ ቦታው ለመቀመጫ ወንበር ይዋል» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ውሳኔው ለዛሬ ተላልፏል። ሐሳቡን ያቀረቡት አባሎች አልተሳሳቱም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ጥፋቱ የእኛ የኮሚቴው ነው። ዛሬ የመጣነውም ጥፋታችንን ተናግረን፣ አራቱ ለምን መነቀል እንደሌለባቸው ለማስረዳት ነው።

ለመሆኑ ዊንተርቤሪ ምን ዓይነት ተክል ነው? የዚሁ የምሥራቅ አሜሪካ ተወላጅ የሆነ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ በዱር በረግረግ ቦታ፣ በኩሬና በጅረት ዳር ይበቅላል። ቁመቱ እንደየዘሩ ከ1 እስከ 3 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ አስተዳደጉም ዝግ ያለ ነው። ወገኑ ከሆሊ ነው፤ ነገር ግን ለገና በየበሩ እንደሚሰቀለው እሾሃማ ሆሊ ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ ይዞ አይቆይም። ብርድ ሲገባ ቅጠሉ ይረግፍና በባዶው ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ፍሬው ብቻ ተደርድሮ ይቀራል። እናቶቻችን «ቀይ ዶቃ» ያሉትም ለዚሁ ነው። ስሙን «የክረምት ፍሬ» ብለን ብንመልሰው ግራ ያጋባ ነበር። ለእኛ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብና ጭቃ ነዋ! ይኸ ግን የሚያምረው በታኅሣሥና በጥር በረዶ መሀል ነው። በነገራችን ላይ የዚሁ ወገን የሆነ፣ ቀይ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ በሀገራችንም የደጋ ደኖች ውስጥ በጅረት ዳር ይገኛል፤ የእኛው ግን ቅጠሉን አያራግፍም።

የተከልንበትም ምክንያት የታወቀ ነው። ብዙዎቹ እናቶቻችን የልጅ ልጅ እየጠበቁ በእነዚያ የብርድ ወራት ከቤት አይወጡም። ውጪውን የሚያዩት በመስኮት ነው፤ በመስኮቱም የሚታየው ግራጫ ሰማይና አስፋልት ነው። አንድ ቀይ ነገር ይዩ ብለን ነበር ያሰብነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። ጥፋታችን ሦስት ነው።

አንደኛው አመድ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ከመካከላችን አንዱ፣ እንደ አገር ቤት ጓሮ መስሎት፣ የከሰል አመድ በሥራቸው አፈሰሰ። ዊንተርቤሪ ግን ኮምጣጣ፣ ማለትም አሲድነት ያለው አፈር ነው የሚወደው። አመድና ኖራ አፈሩን ወደ ሌላው ወገን ይለውጡታል፤ ያን ጊዜ ተክሉ ከአፈሩ ብረት ማግኘት ያቅተዋል። በዚያ ዓመት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ደግሞ «በሽታ ነው» ብለን አወራን።

ሁለተኛው መቀስ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አጥር እንደምናስተካክል ዙሪያውን ከረከምናቸው። ይኸ ጊዜ አበባው አልፎ ፍሬ የሚይዝበት በመሆኑ፣ ፍሬ ቢኖር እንኳ ገና በእሸቱ አጭደን እንጥለው ነበር።

ሦስተኛውና ዋናው ግን የሚቀጥለው ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ላይ ችግኞቹን ከአንድ መሸጫ ስንገዛ ሻጩም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅን። ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃ አጠጣን፣ አረምን፣ አበባውንም አየን፤ ፍሬ ግን የለም። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ተክሎቹን ከበን ስንጨቃጨቅ፣ አንዲት እናታችን የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆም አሉና «ወንዱ የታለ?» ብለው ጠየቁን። እኛ ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ኮሶም እኮ ወንድና ሴት አለው። ፓፓያም እንደዚሁ ነው። ወንድ ሳትተክሉላት መካን ማለት ነውር ነው» አሉን።

እውነታቸውን ነበር። ዊንተርቤሪ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅሉ ተክል ነው። ማጉያ መነጽር አምጥተን አበባውን አየነው። አበባው ትንሽና ነጣ ያለ ስለሆነ በዓይን ብቻ አይለይም። የወንዱ አበባ መሀሉ ላይ ቢጫ ብናኝ የተሸከሙ ቀጫጭን ዘንጎች አሉት። የሴቷ አበባ ግን መሀሏ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ኳስ አላት፤ ኋላ ቀዩ ፍሬ የምትሆነው እሷ ናት። ስድስቱንም አንድ በአንድ ተመለከትን። ስድስቱም ሴት ናቸው!

ታዲያ ምን አደረግን? ከሰፈራችን ብዙ ርቆ ከሚኖር አንድ ባለቤት፣ አስፈቅደን፣ አበባ ያለው የወንድ ቅርንጫፍ ቆርጠን አመጣን። ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ነክረን በዳር በኩል ባሉት ሁለት ተክሎች መሀል አስቀመጥነው። የቀረውን ሥራ የሠሩት ንቦች ናቸው። ቅርንጫፉ ከጥቂት ቀን በኋላ ጠወለገ። ታኅሣሥ ላይ ያያችሁት ቀይ ፍሬ የዚያ ባልዲ ውጤት ነው። ባልዲው አጠገብ የነበሩት ሁለቱ አፈሩ፣ ራቅ ያሉት አራቱ ባዶ ቀሩ። እንግዲህ አራቱ ከሁለቱ የሚለዩት በቦታ ብቻ ነው፤ በሌላ በምንም አይለዩም።

ስለዚህ የሚያስፈልገን አንድ ወንድ ተክል ነው። አንድ ወንድ ለስድስቱም ይበቃል። ከሴቶቹ ከ15 ሜትር ባይርቅ ጥሩ ነው። ነገር ግን ማንኛውም ወንድ አይሆንም፤ ከሴቶቹ ጋር በአንድ ጊዜ የሚያብብ መሆን አለበት። የእኛዎቹ መለያ ካርዳቸው ላይ «ዊንተር ሬድ» የሚል ተጽፏል። እነዚህ ዘግይተው የሚያብቡ ስለሆኑ የሚስማማቸው «ሳዘርን ጀንትልማን» የተባለው ነው። ትርጉሙ «የደቡብ ጨዋ ሰው» ማለት ነው። እናቶች ይህን ሲሰሙ «ሙሽራው ከነስሙ ጨዋ ነው» ብለው ስቀዋል። በየበራችሁ መትከል የምትፈልጉ ደግሞ «ሬድ ስፕራይት» የሚባለው አጠር ያለ ስለሆነ ለጠባብ ቦታ ይመቻል። እሱ ቀድሞ የሚያብብ በመሆኑ ወንዱ «ጂም ዳንዲ» ነው። ስትገዙ የሁለቱንም ስም ጠይቁ፤ ካርዱንም አትጣሉ።

ከዚህ በኋላ ለምናደርገው እንክብካቤ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1. አተካከል። ጉድጓዱ ስፋቱ የሥሩን እጥፍ፣ ጥልቀቱ ግን ችግኙ በመጣበት ዕቃ ልክ ይሁን። ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ፍሬ ያበዛል፤ በከፊል ጥላም ይበቅላል። ሌላው ተክል የሚበሰብስበት ውሃ የሚተኛበት ቦታ ለዚህ ቤቱ ነው።

2. ውሃ። እርጥበት ወዳድ ስለሆነ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ዝናብ ከጠፋ በሳምንት አንዴ እስኪርስ ይጠጣ። ከተጠማ የያዘውን ፍሬ ያረግፋል።

3. አፈር። አመድና ኖራ ፈጽሞ ክልክል ነው። የበሰበሰ ቅጠል ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ይነጠፍ፤ ግንዱን ግን አይንካ። የቡና አተላስ ለምትሉ እናቶች፣ ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ትንሽ ቢገባ አይጎዳም። አንድ ቦታ ክምር አድርጎ መድፋት ግን ደርቆ ውሃና አየር ይከለክላልና ይቅር።

4. መግረዝ። በበጋ መከርከም ቀርቷል። በየካቲት መጨረሻ፣ ቅጠል ሳያወጣ፣ ካረጁት ግንዶች ከሦስት አንዱን ከሥር መቁረጥ ይበቃል። በዙሪያው የሚያቆጠቁጡ አዳዲስ ቀንበጦች የነገ ተኪዎች ናቸውና እንደ አረም አትንቀሏቸው።

5. ልጆች። ይህ አደራ ነው። ፍሬው ለሰው አይበላም፤ ልጅ ከበላው ማስታወክና ተቅማጥ ሊያመጣበት ይችላል። ከረሜላ ስለሚመስል ልጆችን አስቀድመን እንንገራቸው። ልጅ በልቶ ከተገኘ ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል፣ 1-800-222-1222፣ ይደወል። ቀንም ሌሊትም ይመልሳሉ፤ ክፍያ የለውም።

6. ወፎች። ፍሬው ለወፍ ምግብ ነው። መጀመሪያ ላይ አይነኩትም፤ ብርዱ ከበረታ በኋላ መጥተው ይለቅሙታል። ስለዚህ የካቲት ላይ ቅርንጫፉ ባዶ ቢሆን «ማን ሰረቀው?» ብለን እንዳንጣላ።

ውድ ጎረቤቶቻችን፤

የምንጠይቃችሁ ይህንን ነው። አራቱ ተክሎች ይቆዩ። ወንዱን በሚያዝያ እንተክላለን። ዋጋውን የምንከፍለው ከማኅበሩ ሳጥን ሳይሆን፣ ጥፋቱ የእኛ ነውና፣ ከኮሚቴው አባላት ኪስ ነው። ከእናንተ የምንፈልገው የሐምሌና የነሐሴን ውሃ በተራ ማጠጣት ብቻ ነው። የተራ ዝርዝሩ ከዚህ ወረቀት ሥር ተሰቅሏል፤ ስማችሁን ጻፉ። ለወንዱ እንዲለምድና እንዲያብብ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ጊዜ ስጡን። ያን ጊዜ አራቱ ባዶ ከሆኑ ማንም ሳይጠይቀን አካፋውን ራሳችን እንይዛለን።

«ወንዱ የታለ?» ላሉን እናታችን ግን ዛሬውኑ በሁላችሁ ፊት ምስጋናችንን እናቀርባለን። ሦስት ዓመት ከመገመት አንድ ቀን እሳቸውን መጠየቅ ይሻል ነበር።

የአትክልት ኮሚቴው