ልቆ መታየት ምን ማለት ነው? የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውድድር ከጅግጅጋ ሲታይ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚደረገው ውድድር ነው። በአሜሪካ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቹ ከፈተና ውጤቱ በተጨማሪ ድርሰት፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤና ከክፍል ውጭ ያከናወነውን ሥራ ያቀርባል። ይሁን እንጂ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ተቀራራቢ የፈተና ውጤት ካላቸው ተማሪዎች መካከል ከላይኛው አንድ በመቶ ሀብታም ቤተሰብ የተወለዱት በእነዚህ ተቋማት የመማር ዕድላቸው ከመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ከእጥፍ በላይ ነው። ልቆ መታየት እዚያ ወጪ ይጠይቃል።

በእኛ አገር በአብዛኛው የሚወስነው አንድ ቁጥር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ቢያድግም በ2017ም ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት ከመስመሩ በታች ቀርተዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናምታታውን አንድ ነገር መለየት ይገባል። ከፊታችን ያሉት ሁለት በሮች ናቸው። የመጀመሪያው በር የ50 በመቶ መስመር ነው። በዚህ በር ጎረቤትህ ማለፉ አንተን አይጥልህም፤ ሁላችሁም ብታልፉ ማንም ቦታ አይነጠቅም። ስለዚህ ማስታወሻውን ከጓደኛው የሚደብቅ ተማሪ ያለ ጥቅም ይጎዳል፤ ሌላውን የሚያስረዳ ግን ራሱ አጥርቶ ይገነዘባል። እውነተኛው ፉክክር የሚጀምረው በሁለተኛው በር፣ በዩኒቨርሲቲና በትምህርት መስክ ምደባ ላይ ነው። ሕክምና የሚመኝ ተማሪ በዚያ በር ከሌሎች ጋር ይመዘናል። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የሁለተኛውን በር ጠባይ ወደ መጀመሪያው ካመጣነው ገና ከመነሻው እርስ በርስ እንጠላለፋለን።

ሁለተኛው ነጥቤ ቋንቋ ነው። በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬ፣ በቶጎ ውጫሌ ወይም በሽንሌ ትምህርቱን በሶማሊኛ የጀመረ ልጅ የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በአንድ የፊዚክስ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይፈተናል፤ በዕውቀቱና በቋንቋው። በመምህርነት ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁት፣ ስሌቱን የሚያውቅ ተማሪ ጥያቄው ውስጥ ያለችውን «በስተቀር» የምትል የእንግሊዝኛ ቃል ሳያስተውል ሲሳሳት ነው። የምመክረው ቀላል ነው፤ አዲስ ጽንሰ ሐሳብ ሲገጥማችሁ በመጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ለሌላ ሰው አስረዱ፣ ቀጥሎም ያንኑ በእንግሊዝኛ ጻፉ። በሶማሊኛ ማስረዳት ካቃታችሁ ችግሩ የቋንቋ ሳይሆን የመረዳት ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ካቃታችሁ ደግሞ የጎደላችሁን በትክክል አውቃችኋል።

ሦስተኛው ነጥብ ታማኝነት ነው። በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ መሰረዙንና እንደገና መሰጠቱን ታስታውሳላችሁ። የዚያ ጉዳት በአንድ ዓመት አላበቃም፤ በላቡ የተማረውም ሰው ውጤቱ በጥርጣሬ እንዲታይ አደረገ። የተሰረቀ ማርክ የሰራቂውን ብቻ ሳይሆን የታማኙንም ውጤት ያረክሳል።

አንዳንዶች «ታዲያ አንድ መስመር ለሁሉም መሰመሩ ተገቢ ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ። ቀድሞ ለአርብቶ አደር አካባቢዎችና ለሴት ተማሪዎች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ይደረግ ነበር። ዛሬ መስፈሪያው አንድ ሆኗል፤ የተማሪዎቹ መነሻ ግን አንድ አይደለም። ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤትና መጽሐፍ ለሦስት የሚካፈሉበት ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ይፈተናሉ። እኔ መስመሩ ይውረድ አልልም። የወረደ መስመር ያልተማረውን አልጀብራ አያስተምርም፤ ችግሩን ወደ አንደኛ ዓመት ክፍላችን ያሻግረዋል እንጂ። የምለው ይህ ነው፤ ልዩነቱን ለመሙላት መሥራት ያለብን ልጁ ወደ ፈተናው ከመግባቱ በፊት ነው።

ይህ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ከተማ ይገኛል። እዚህ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች በሩን አልፋችኋል፤ የት እንደሚያደናቅፍ ከማንም የበለጠ ታውቃላችሁ። ዕረፍት ላይ ወደ ወረዳችሁ ስትመለሱ ለአራት ወይም ለአምስት ልጆች ሒሳብና እንግሊዝኛ ማስረዳት ከባድ አይደለም። በሶማሊኛ «አለማወቅ ብርሃን ማጣት ነው» የሚል ምሳሌያዊ አነጋገር አለ። በጨለማ ያለን ልጅ «ልቀህ ታይ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ መብራቱን የያዘው ሰው ወደ እርሱ መቅረብ አለበት።

በመጨረሻ ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁ መስመሩን ባያልፍ የተለካው በዚያ ሰሞን በጥቂት የትምህርት ዓይነቶች የጻፈው መልስ ነው፤ ሰውነቱ አልተለካም። ቤታችሁ ያንን ቁጥር የልጁ ስም ካደረገው ግን፣ እንደገና ለመፈተን ወይም ሙያ ለመማር የሚያስፈልገውን ልብ ይነጥቀዋል። ውጤቱ በተሰማ ምሽት የምትናገሩትን ቃል ከወዲሁ አስቡበት።