ስለ ፒኤችፒ ማስታወሻ አነባበብ የተደረገ ንግግር



የባንኮ ጎቲቲ ቡና ከጌዴኦ ተነሥቶ ባሕር ሲሻገር ስሙ፤ ሚዛኑና ደረጃው አብረውት መድረስ አለባቸው። ይህ ዝርዝር ጄሰን በሚባል ጽሑፍ ቢላክ፤ በፒኤችፒ የሚቀበለው ፕሮግራም የትኛው ቍጥር፤ የትኛው ቀን እንደ ሆነ አኖቴሽን ከተባለው ማስታወሻ ሊረዳ ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ ግን «አኖቴሽኑ የለም ወይም ሊጫን አልቻለም» የሚል ስሕተት ይመጣል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ማስታወሻው በኮሜንት ውስጥ ስለ ተጻፈ ፒኤችፒ ራሱ ያልፈዋል፤ የሚያነበው ዶክትሪን የተባለው ላይብረሪ ነው። ቀደም ያሉት የዶክትሪን እትሞች ደግሞ የማስታወሻውን ክላስ በምን መንገድ እንደሚያመጡ ካልተነገራቸው አያገኙትም።

መድኃኒቱ ሦስት ነው። አንደኛ፤ የኮምፖዘርን ኦቶሎድ ፋይል አስቀድሞ መጥራት። ሁለተኛ፤ «ክላስ ኤግዚስትስ»ን በ«ሬጂስተር ሎደር» ማስመዝገብ። ሦስተኛ፤ በ«ዩዝ» መስመር ያለውን ስም ፊደል በፊደል መመርመር። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒኤችፒ 8 አትሪብዩት የተባለ የራሱን ማስታወሻ ስላመጣ፤ ላይብረሪው ከተቀበለው አዲስ ሥራ በዚያ ቢጀመር ይሻላል።

ማስታወሻውን ፍቆ ስሕተቱን ዝም ማሰኘት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ዝርዝሩ ከተዛባ የገበሬው ድካም ያለ ስሙ ይቀራልና። እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ስሕተትን ከሥሩ መርምረን የማረም ልማድ ይኑረን።