አውራ ጣትና ቤዛ ኩሉ

የዛሬው ወጌ ስለ አውራ ጣት ነው፤ ካሜራ ስትይዙ ከኋላ ተለጥፎ ሥራ ፈትቶ ስለሚውለው የቀኝ እጅ አውራ ጣት። ፎቶ አንሺዎች «ባክ በተን ፎከስ» የሚሉት ነገር አለ። ፎከስ የማድረጉን ሥራ ከሹተሩ ወስዶ በካሜራው ጀርባ ላለ አንድ በተን መስጠት ማለት ነው። አንዱ «ከለመድኩት ወዲህ ወደ ኋላ አልመለስም» ይላል፤ ሌላው «ያለ ጣጣዬ ምን ጣጣ አስገዛኝ» ይላል። እኔ ነገሩን የማየው ከላሊበላና ከላስታ ተራሮች ነው፤ ሁለቱንም ወገን የሚፈትን እንደዚያ ያለ አገር አላውቅምና።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካሜራ ከፋብሪካ ሲወጣ ሹተሩ ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። ግማሽ ድረስ ስትጫኑት ፎከስ ይፈልጋል፣ እስከ መጨረሻው ስትጫኑት ያነሳል። ስለዚህ ጣታችሁን አንስታችሁ ሹተሩን በነካችሁ ቁጥር ካሜራው ፍለጋውን ከአዲስ ይጀምራል። ባክ በተን ላይ ግን አውራ ጣታችሁ ካልተጫነ ፎከሱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሹተሩ ማንሳት ብቻ ይሆናል ሥራው። በተኑ በብዙ ካሜራ ላይ «ኤ ኤፍ ኦን» ተብሎ ተጽፎበታል፤ በርካሾቹ ካኖኖች ላይ የኮከብ ምልክት ያለባትን፣ በርካሾቹ ኒኮኖች ላይ ደግሞ «ኤ ኢ ኤል፣ ኤ ኤፍ ኤል» የምትለዋን በሜኑ ገብቶ ለዚህ ሥራ ማዋል ይቻላል።

ፈሊጡ የትናንት እንዳይመስላችሁ። ካኖን ኢኦኤስ 630 በተባለው የፊልም ካሜራው ላይ ያስገባው በ1989 ነው፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ራሱ ፎከስ የሚያደርገው ባለ ተቀያሪ ሌንስ ካሜራ በሚኖልታ 7000 ገበያውን የያዘው በ1985 ነበር። እንግዲህ በአራት ዓመቱ ሰዎች የተደረበውን ሥራ መልሰው መለየት አምሯቸዋል። ከዚያ በፊትማ ድሮም የተለያየ ነበር። የስዊሱ ጌዮርግ ጌርስተር በ1968 ለታተመው መጽሐፉ የኢትዮጵያን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሲያነሳ፣ ሽመልስ ደስታ በጃንሆይ ቤተ መንግሥት ሲያነሱ፣ ግራ እጅ የሌንሱን ቀለበት ያዞራል፣ ቀኝ እጅ ያነሳል። ማን ላይ ፎከስ እንደሚደረግ የሚወስነው ሰውዬው ነበር።

አሁን ወደ ላሊበላ ገና እንሂድ፤ ዋናው ፈተና እሱ ነው። ማለዳ፣ ቤተ ማርያም ግቢ። ቤዛ ኩሉ የተሰኘው የገና ዝማሬ ሲዘመር ካህናቱ ሁለት ወገን ይሆናሉ። አንዱ ወገን ከላይ ማሜ ጋራ በሚባለው የአለት ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ይቆማል፣ ሌላው ከታች ግቢው ውስጥ። የላይኞቹ በመላእክት፣ የታችኞቹ በሰው ልጆች ይመሰላሉ። ከበሮው በእርጋታ ይጀምራል፣ ዝማሜው ከቆሙበት ዘንበል ቀና ነው። ቆይቶ ይሞቃል፤ መቋሚያው ይነሳል፣ ሰልፉ ወደፊት ይገፋል፣ ይመለሳል። ከዚያ ደግሞ በድንገት ረጋ ይላል። ካሜራ የያዘ ሰው በዚያች ሰዓት ሁለት ዓይነት ፎከስ ያስፈልገዋል፤ ለቆመው ፊት የሚቆለፍ፣ ለሚንቀሳቀሰው ሰልፍ የሚከተል። በተለመደው አያያዝ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ሴቲንግ መነካካት አለባችሁ፤ እስክትነካኩ ወረቡ ያልፋችኋል። በባክ በተን ካሜራውን የሚከታተለው ፎከስ ላይ ታደርጉትና አውራ ጣታችሁን ተጭናችሁ ከያዛችሁ ይከተላል፣ ከለቀቃችሁ ይቆለፋል። ሌላ ምንም የለም። እኔ የዚህን አያያዝ ወገን የያዝኩት ለዚህች አንዲት ነገር ስል ነው፤ ሌላው ጥቅሙ ሁሉ ተጨማሪ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ካሜራ ፎከስ የሚይዘው የጨለማና የብርሃን ልዩነት ያለበት ጠርዝ ሲያገኝ ነው። በገና ግን ነጠላው ነጭ፣ ከኋላው ያለው ነጠላ ነጭ፣ ከዚያም ወዲያ ነጭ። የፎከስ ነጥባችሁ ባዶ ሸማ ላይ ካረፈ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ እያለ ይንከራተታል። ጥለቱን ፈልጉ። ወይም የጥምጣሙና የግንባሩ መገናኛ ላይ ያዙና አውራ ጣታችሁን ልቀቁ፤ ከዚያ ፊቱ እስኪያምር ብትጠብቁም ካሜራው አይቀየርባችሁም። ቤተ ጊዮርጊስም እንደዚሁ ነው። ከላይ ጠርዙ ላይ ሆናችሁ የጣሪያውን መስቀል ስትይዙ በፊታችሁ ተሳላሚ ያልፋል። ሹተሩ ፎከስ የሚያደርግበት ካሜራ ልክ በምታነሱበት ቅጽበት ያለፈውን ሰው ትከሻ ይይዝና መስቀሉን ብዥ ያደርገዋል። የተቆለፈው ግን ሰው ቢመጣ ቢሄድ ግድ የለውም።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስትገቡ ግን ይኸው ጥቅም ያጋልጣችኋል። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ፍላሽ ነውር ነው፤ ለሥዕሉም ለጸሎቱም። ስለዚህ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ትከፍታላችሁ። ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አፐርቸሩን 1.8 አድርጋችሁ ሁለት ሜትር ላይ የቆሙ አባትን ብታነሱ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አባ መስቀሉን ሊያሳዩአችሁ ግማሽ እርምጃ ወደፊት ካሉ፣ እናንተም «ቆልፌዋለሁ» ብላችሁ ከተማመናችሁ፣ ፎቶው ጠፋ ማለት ነው። ካሜራው ደግሞ አይነግራችሁም፤ በተከታታይ ፎከስ ላይ አብዛኛው ካሜራ ብዥ ቢልም ባይልም ያነሳል። ለለመደ ሰው መድኃኒቱ ከእያንዳንዷ ፎቶ በፊት አውራ ጣትን መልሶ መንካት ነው። ላልለመደ ሰው እዚያ ውስጥ የድሮው አያያዝ ይሻለዋል። በነገራችን ላይ፣ የትኛውንም ብትይዙ ከካሜራው ፊት ለፎከስ ብላ ቦግ የምትለውን መብራት አጥፏት፤ በቅዳሴ መሃል ፊት ላይ መብራት ማብራት ፍላሽ ከማንሳት ብዙም አይሻልም።

ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ካሜራው እጅ ሲቀይር። ላሊበላ ካሜራ እጅ የሚቀይርባት ከተማ ናት። ከአሜሪካ የመጡ እናት አስጎብኚውን «አንተ ልጅ፣ እስቲ ከቤተሰቦቼ ጋር አንሳኝ» ይሉታል። «እሺ እማማ» ብሎ ይቀበላል፣ ሹተሩን ይጫናል፣ ካሜራው ቀጭ ይላል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። ፎከሱ ግን ቅድም ልጃቸው የቆለፈው ማዶ ያለው ቋጥኝ ላይ ነው። እሳቸው ይህን የሚያዩት አገራቸው ገብተው ነው። ጥፋቱ የአስጎብኚው አይደለም፤ ካሜራው ከኋላ ሌላ በተን እንደሚፈልግ ማን ነገረው? ሰርግ ላይም እንደዚሁ ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ካሜራ የሚሠሩ ከሆነና አንዱ ብቻ ባክ በተን ከለመደ፣ ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ ያለው ግማሹ ፎቶ ይበላሻል። ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ ካሜራው የብቻችሁ ካልሆነ አትጀምሩት። ብቻችሁን ለምትይዙት ደግሞ፣ ካሜራችሁ «ሲ 1» ወይም «ዩ 1» የሚል ምልክት ካለው እዚያ ላይ የተለመደውን አያያዝ አስቀምጡና ለሰው ስትሰጡ ወደዚያ አዙሩት።

ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ለሚወጡ አጭር ቃል አለኝ። ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ነፋሱ ጣት ያደነዝዛል። ጭላዳ መንጋ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ቆይቶ ድንገት ብድግ ይላል፤ ቀይ ቀበሮም አይጥ ስትጠብቅ እንደ ድንጋይ ቆማ ትቆይና ትወረወራለች። መቆምና መሮጥ ላይ ባክ በተን ጌታ ነው። ነገር ግን ከባድ ቴሌ ሌንስ የያዘ እጅ አውራ ጣቱን ለመያዣም ይፈልገዋል። በወፍራም ጓንት ደግሞ ትንሿ በተን በዳበሳ አትገኝም። በዚያ ላይ በብዙ የኒኮን ዲ ኤስ ኤል አር ካሜራዎች የሌንሱ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የሚነሳው ሹተሩ ግማሽ ሲጫን ነው፤ አውራ ጣት ብቻውን አያስነሳውም። ሁለቱን ጣቶች አብሮ ማሠራት ግድ ይሆናል።

«አሁን ሚረርለሱ ዓይን እየለየ ይይዝ የለ፣ ይህ ሁሉ ለምን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት አላችሁ፣ ለአንድ ሰው ፎቶ። አንድ ፊት ባለበት ቦታ የአውራ ጣት ክርክር ግማሹ ሞቷል። ማሜ ጋራ ላይ ግን ፊቱ መዓት ነው፤ ግማሹ በነጠላ ተሸፍኗል፣ ግማሹ ጎኑን ሰጥቷል። ካሜራው የራሱን ይመርጣል። እናንተ የፈለጋችሁት ጸናጽል የያዙትን ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፣ ካሜራው የያዘው ግን ከኋላ የሚያዛጋውን ልጅ ነው።

ለሚፈሩ ሰዎች መሃል መንገድም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። ሹተሩን እንደነበረ ትተዉትና የኋላዋን በተን ተቃራኒውን ታሠሯታላችሁ፤ ስትጫኗት ፎከሱን እንድታቆም። ያኔ ካሜራው ለማንም ቢሰጥ እንደ ሁልጊዜው ይሠራል፣ መቆለፍ ስትፈልጉ ብቻ አውራ ጣት ይነካል። ካሜራ ለሚዋዋስ ሰው እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ለመጀመር የቆረጣችሁ ደግሞ በገና ዕለት እንዳትጀምሩት። አውራ ጣት እስኪለምድ ሰው ዝም ብሎ ሹተሩን ይጫናል፣ ብዥታም ያጭዳል። የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ከገጠር በሚመጣው መንገድ ዳር ቁሙ፤ የተጫነ አህያ ወደ እናንተ እየቀረበ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ባለቤቱ ጭነቱን ያስተካክላል፣ እንደገና ይነዳዋል። ሲመጣ ያዙ፣ ሲቆም ልቀቁ፣ ሲነሳ መልሳችሁ ያዙ። ባለ አህያውን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁት።